የ75 ሰዓት ጉዳይ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ
ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ውድ ዘማቿ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ከጉልበቴና ከልጄ ጠባይ በስተቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ስለ ዝምታዬ ምክንያት ልደረድርልሽ አስቤ ነበር፤ ግን አንዱንም አታምኚውም፣ እኔም አላምነውም። ይቅርታ አድርጊልኝና እንለፈው። አንቺስ ብትሆኚ መቼ ጻፍሽ? ለየበዓሉ የምትልኪው የአበባ ሥዕል ደብዳቤ አይባልም። የዓይንሽ ሞራ መገፈፉን ከሰው አፍ መስማቴ ደግሞ ቅር አሰኝቶኛል፤ እሱንም እንለፈው። አሁን በደንብ ታያለች ስላሉኝ በደቃቁ እጽፍልሻለሁ።

የጻፍኩልሽ ስለ ልጅ ልጄ ነው። ያ በክርስትናው ቀን አዳራሹን በጩኸት ያናወጠው፣ አንቺ ቪዲዮውን አይተሽ «ይሄስ ካድሬ ነው የሚወጣው» ያልሽው። ዐሥራ አምስት ዓመት ሞላው። ቁመቱ በሩን ሊያልፍ ነው፤ እስካለፈው ዓመት ድረስ ግን ሳይቀሰቀስ ተነሥቶ አያውቅም ነበር። ቁርሱ ይቀርብለታል፣ ካልሲው ከየወንበሩ ሥር ተለቅሞ ይታጠብለታል። እናቱ ሌሊት የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች፣ ቀን ደግሞ በሰው ቤት አንዲት ሽማግሌ ታስታምማለች። አባቱ ከመሪ ላይ አይወርድም። ሁለቱም ከልጁ የሚፈልጉት አንድ ነገር ነው። «አንተ ብቻ ተማር» የዚህ ቤት የጠዋትና የማታ ጸሎት ነው። እነሱ የሚደክሙት እሱ እንዳይደክም ነው፤ ይህን እረዳለሁ። እኔም ለእናቱ ያደረግሁት ይህንኑ አይደል?

አሁን እዚህ አንድ ደንብ አለልሽ። በሜሪላንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት የሚማር ልጅ 75 ሰዓት ያለ ክፍያ ማኅበረሰቡን ካላገለገለ የሁለተኛ ደረጃ ዲፕሎማውን አይቀበልም። ከአሜሪካ ግዛቶች ይህን ግዴታ በተማሪ ሁሉ ላይ በመጣል ይቺ የእኛዋ የመጀመሪያዋ ናት፤ በእነሱ አቆጣጠር በ1992 ወሰኑ፣ የ1997 ተመራቂዎች ጀመሩት። ስሰማ ሳቄ መጣ። ደርግ ተማሪውን ሁሉ ወደ ገጠር በላከበት በእድገት በኅብረት ዘመቻ ጊዜ የሰማነው «ያልዘመተ አይማርም» ባሕር ተሻግሮ ተከተለኝ አልኩ። እነዚህ ግን በሰዓት ነው የሚቆጥሩት። ለትርፍ የቆመ ድርጅት ውስጥ ከሆነ አይቆጠርም። ለቤተሰብም አይቆጠርም፤ ለእኔ ሻይ ቢያፈላልኝ ዋጋ የለውም ማለት ነው፤ ስለዚህ አያፈላም። ከሥራው በፊት መዘጋጀት፣ ከሥራው በኋላም ስለ ሠራው ነገር አስቦ መጻፍ አለበት። ቅጹ ላይ ምን እንደ ተማረ የሚሞላበት ቦታ አለ።

ጠቡ የተነሣው በዚህ ቅጽ ነው። ከሰዓቱ ጥቂቱን ቀደም ሲል ከትምህርቱ ጋር አግኝቶት ነበር። ለቀረው እናቱ አንድ የምታውቀው ሰው ዘንድ ደወለች፤ ማኅበር ቢጤ ያስተዳድራል። «ቅጹን ብቻ አምጪው፣ ፈርሜ እሰጥሻለሁ» አላት። እሷም ደስ ብሏት፣ «እማዬ፣ በዚያ ሰዓት ሒሳብ ያጠናበታል» አለችኝ። ልጁ አጠገባችን ተቀምጦ ይሰማል! ቅጹን ከጠረጴዛው ላይ አንሥቼ ከነጠላዬ ጋር ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። አንድ ልጅ በዐሥራ አምስት ዓመቱ ያልሠራውን ሠርቻለሁ ብሎ ከተፈረመለት፣ ሒሳቡን ቢያውቀው ለምን ይበጀዋል? ለቀናት ተኮራረፍን። ወጡ እንኳን በየተራ ነበር የሚሠራው።

በመጨረሻ እኔ ራሴ ወደምውልበት የአረጋውያን ማእከል እየጎተትኩ ወሰድኩት። ሥራው ስልክና ኮምፒውተር ማስተማር ነው። የመጀመሪያው ቀን ጉድ ነበር። ከእኛ ጋር አንድ የቀድሞ የጦር መኮንን አሉ፤ ዛሬም ከረባት ሳያስሩ አይወጡም። ልጁ ገና ሰላም ሳይላቸው «አንተ፣ እጅህ ይንቀጠቀጣል» አላቸው። ቤቱ ጸጥ አለ። መሬት ብትከፈት ደስ ባለኝ። እሳቸው ግን እስኪያስላቸው ሳቁ፤ ከዚያ ወዲህ ልጁ ለሁሉም «እርስዎ» ይላል፣ ለማእከሉ ውሻ ጭምር።

የገረመኝ ሌላው ነው። መጀመሪያ ላይ ስልኩን ከእጃቸው ነጥቆ፣ ጠቅ ጠቅ አድርጎ፣ «ይኸው» ብሎ ይመልስላቸው ነበር። አንድ ቀን መኮንኑ «ሠርተህ ከሰጠኸኝ እኮ ነገ እንደገና ልጠራህ ነው» አሉት። ከዚያ በኋላ አየሁት፤ ሁለት እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ይቆማል፣ በአፉ ብቻ ያስረዳል። «ከታች ያለችውን አረንጓዴዋን… አይ፣ እሷን አይደለም… አዎ።» ግንባሩ ላይ ላብ ይታያል። እቤት ትዕግሥት የሚባል ነገር ያልነበረው ልጅ፣ ኦታዋ ካለ የልጅ ልጃቸው ጋር በምስል እስኪነጋገሩ ድረስ ሳይቀመጥ ጠበቀ። ቅጹ ላይ ምን እንደ ጻፈ ታውቂያለሽ? «እጄን መሰብሰብ ተማርኩ።» ሰሎሞንም ከዚህ በላይ አልጻፈም፤ አታጋነኝ በይኝ፣ አያት ነኝ።

በክረምቱ ደግሞ ደመወዝ ያለው ሥራ አማረው፤ አባቱ ፈረመለትና ሱፐርማርኬት ገባ። ዕቃ ይደረድራል፣ ጋሪ ይሰበስባል። የመጀመሪያውን ደመወዝ የተቀበለ ዕለት ወረቀቱን ይዞ እየተንጨረጨረ መጣ። «እማማ፣ የማላውቃቸው ሰዎች ገንዘቤን ወስደውብኛል!» አየሁለት። ከመቶ 6.2 ለጡረታው፣ 1.45 ለአረጋውያን ሕክምና ተቆርጧል። «ከወሳጆቹ አንዷ አጠገብህ ተቀምጣለች፤ መኮንኑም ሌላው ናቸው» አልኩት። ጥቂት ዝም አለና «ታዲያ ስልኩንም በነጻ አስተምራቸዋለሁ፣ ጡረታቸውንም እከፍላለሁ ማለት ነው?» አለ። አዎ፣ እንዲያ ነው። እኔም ጉልበቴን የጨረስኩበት ሥራ ላይ ሳለሁ ለሌሎች ከፍያለሁ። ይህንን በመጽሐፍ ቢያነበው በአንድ ጆሮው ገብቶ በሌላው ይወጣ ነበር፤ ከራሱ ኪስ ሲወጣ ግን ማታውን ሁሉ ሲጠይቀኝ አመሸ። ጠዋት ሲነሣ ማንም አልቀሰቀሰውም።

እናቱ ግን አልበረደላትም። አሁን ቤታችን አጠገብ ያለ ዳቦ ቤት ቅዳሜ ቅዳሜ ሊቀጥረው ፈልጓል። እዚህ ከ18 ዓመት በታች ላለ ልጅ ለየአሠሪው አዲስ የሥራ ፈቃድ ይወጣል፣ ወላጅ መፈረም አለበት። አባቱ ዘንድሮ ከጠቡ ለመሸሽ «እናትህን ጠይቅ» ይላል። እሷ አልፈርምም አለች። ስንከራከር ምን አለችኝ መሰለሽ? «እማዬ፣ ሥራ ልጅን ሰው የሚያደርግ ቢሆን ኖሮ፣ አዲስ አበባ ያለው ሊስትሮ ሁሉ ሚኒስትር በሆነ ነበር።»

አፌን ያዘችኝ። እውነት አላት። ከገጠር መጥታ በሰው ቤት ሳህን እያጠበች፣ ከትምህርት ቤት በር ላይ የሰው ልጅ የምትጠብቀዋን ሕፃን ሥራ ጠቀማት ብል ምላሴ ይቆረጥ። የእኛም አገር አዋጅ እኮ፣ ያ የ2011ዱ ቁጥር 1156፣ ከ15 ዓመት በታች መቅጠር ይከለክላል፤ እስከ 18 ላሉትም በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ ሌሊትም፣ በበዓልም ማሠራት አይቻልም ይላል። ወረቀቱ ጥሩ ነው፤ የአንቺን ሰፈር ጓዳዎች ግን አንቺ ታውቂያቸዋለሽ። የእኛ ልጅ ግን በትምህርት ቀን ከ3 ሰዓት በላይ እንዳይሠራ ሕግ ይጠብቀዋል፣ ማታ አልጋው ይጠብቀዋል፣ ደመወዙም የራሱ ነው። ይህንን ልላት ስል በሩን ዘግታ ወደ ሌሊት ሥራዋ ወጣች።

አሁን ወደ ከበደኝ ነገር ልምጣ። በአንድ ምሽት ልጁ «እማማ፣ አንቺስ ስንት ሰዓት አገለገልሽ?» አለኝ።

ከየት ልጀምርለት? ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ጃንሜዳ እንደ ነበርን፣ ካኪው ለአንቺ ሰፍቶሽ በመርፌ ቁልፍ እንደ ያዝነው፣ ወደ 60,000 የምንሆን ተማሪና አስተማሪ አገሩን እንደ ሞላነው ነገርኩት። «መሬት ላራሹ» እያልን ያደግን ልጆች ዶማ መያዝ እንደማንችል ስነግረው ሳቀ። ቦዲቲ አጠገብ የቆፈርነውን መጸዳጃ፣ የአካባቢው ሰው አመስግኖ የዶሮ ማደሪያ እንዳደረገው ሲሰማ ደግሞ ከሶፋው ወደቀ። እንሰት መፋቅ ያስተማሩንን ሴትዮ፣ አንቺ በፋኖስ ፊደል ስታስቆጥሪያቸው እጃቸውን ይዘሽ ልትጽፊላቸው ስትይ እጅሽን መትተው እንደ መለሱሽ ነገርኩት። አስተማሪ የሆንሽው ያን ዕለት ነው፤ ዲፕሎማው ኋላ መጣ። የካቲት 25 የመሬቱ አዋጅ በሬዲዮ ሲነበብ የሴትዮዋ ባል ደጋግሞ «የኔ?» ማለቱንም ነገርኩት።

ወድጄ እንዳልሄድኩ ግን አልሸሸግሁትም። አንቺ ዘፍነሽ ነው የወጣሽው፤ እኔ እናቴ አንገት ላይ ተንጠልጥዬ። ያልዘመተ ትምህርቱን አይቀጥልም፣ ሥራም አያገኝም ስለ ተባለ ሄድኩ። የታላቅ ወንድምሽ ዩኒቨርሲቲ ሳይመረቁ ለአንድ ዓመት ገጠር ይልካቸው የነበረውም ግዴታ ነበር፤ እሱ ግን ተመልሶ ተመረቀ።

እዚህ ላይ ልጁ «ታዲያ ጥሩ ነበር?» አለኝ።

አልመለስኩለትም። እራቱን ላሙቅ ብዬ ተነሣሁ። ያ ከኛ ጋር ማታ ማታ ሒሳብ ያስተምር የነበረውን… አንቺ ስሙን ስትጠሪ ሰምቼሽ አላውቅም፣ እኔም አልጠራሁም፣ አሁንም አልጠራም። ገበሬው መብቱን ይወቅ ብሎ በጮኸ፣ እነዚያው ካኪ አልብሰው የላኩን ሰዎች በ1970 ከቤቱ ወሰዱት። ታዲያ ለዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ «ሂድ አገልግል፣ ጥሩ ነው» ስል ጉሮሮዬ ውስጥ የሚቆም ነገር አለ። ሴትዮዋ ስማቸውን መጻፋቸው ጥሩ ነበር፤ ይህን ማንም አይወስድብንም። ክፉው፣ የላኩን ሰዎች ወጣቱን ሁሉ የራሳቸው እጅ አድርገው መቁጠራቸው ነበር። ልጁን ማእከሉ ውስጥ ሳየው የሚያጽናናኝ፣ እሱ የሚያገለግለው መኮንኑን እንጂ ማንንም አለቃ አለመሆኑ፣ ካልተስማማውም ትቶ ሌላ ቦታ መሄድ መቻሉ ነው። ትክክል አስቤ ይሆን? አንቺ አርባ ልጅ በአንድ ክፍል ይዘሽ ያረጀሽ ነሽ፣ ትነግሪኛለሽ። የሒሳቡን ልጅ ነገር ልንገረው ወይስ ትንሽ ይቆይ?

ሁለት ነገር አስቸግርሻለሁ። አንደኛ፣ ከሴትዮዋ ቤት በር ላይ የተነሣነው ፎቶግራፍ ካንቺ ዘንድ ነው፤ «የኔ ነው» ብለሽ እንደ ቀማሽኝ አልረሳሁም። በስልክ አንሥተሽ ላኪልኝ። ልጁ ዶማ ይዤ ካላየ አያምነኝም፤ ዶማውን የያዝሽው አንቺ ብትሆኚም እኔ ነኝ እላለሁ።

ሁለተኛው ዋናው ነው። ለልጄ ጻፊላት። ሦስተኛ ክፍል ያስተማርሻት አንቺ ነሽ፣ እስከ ዛሬ ድረስ ስምሽ ሲነሣ ቀጥ ብላ ትቀመጣለች። ስለ ዳቦ ቤቱ ምንም አታንሺ፤ «የልጅሽ ነገር እንዴት ነው፣ ሥራ ጀመረ ወይ?» ብለሽ ብቻ ጠይቂያት። በድምፅ አይሁን፣ በጽሑፍ ይሁን፤ ድምፅሽን ከሰማች ታለቅስና ሌላ ወሬ ውስጥ ትገባላችሁ። ዳቦ ቤቱ ቦታውን የሚይዝለት እስከ ፈረንጆቹ ገና ነው፣ ስለዚህ እንደ ልማድሽ አታዘግዪው።

እኔ እንደ ጻፍኩልሽ አትንገሪያት።

ያንቺው