አባባ፣ ድሩ ሲበጠስ በምን ያውቃሉ?

ይድረስ ለምወድዎ አባባ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ? እኔ ብርዱ ነው እንጂ ደህና ነኝ።

ባለፈው በስልክ «ለመሆኑ እዚያ ጀርመን ቀኑን ሙሉ ምን ስትሠሪ ትውያለሽ?» ሲሉኝ «ተክል አጠናለሁ» ብዬ አለፍኩት። በኋላ ቆጨኝ። ጎረቤት ሲጠይቅዎ ምን ይበሉ?

ተክሏ አራቢዶፕሲስ ትባላለች። የጎመን ዘመድ ናት፣ ለወጥ ግን አትሆንም። በየሴሏ ውስጥ ዲ.ኤን.ኤ የሚባል፣ ከሁለት ክር የተገመደ ረጅም ፈትል አለ። ጨረር ሲያገኘው፣ አንዳንዴም ራሱን ሲያባዛ፣ ሁለቱም ክር ይበጠሳል። እኛ ደግሞ ለጥናት ብለን በመድኃኒት እንበጥሰዋለን።

ይሄኔ የተበጠሰውን ሊጠግኑ ፕሮቲኖች ይሰበሰባሉ። ኤ.ቲ.ኤም የሚባለው በተበጠሰው ቦታ ዙሪያ ምልክት ያደርጋል፤ ሌሎቹ ይመጣሉ። ኬዩ የሚባሉት ጥንዶች ጫፎቹን ይይዙና እዚያው ይቀጠላሉ። ፈጣን ነው፣ ግን አንዳንዴ ከመሃል ትንሽ ይጎድላል። ራድ 51 የሚባለው ፕሮቲን ግን ጥንቁቅ ነው። ጫፉ ላይ ተደርድሮ ያልተበጠሰውን መንትያ ቅጂ ይፈልጋል፣ የጎደለውም ከዚያ ይገለበጣል። እርስዎ ደንበኛ ያመጣውን ነጠላ ጭንዎ ላይ ዘርግተው ጥለቱን ክር በክር እየቆጠሩ እንደሚሠሩት ማለት ነው። የጡት ካንሰር ሲነሳ ስሙ የሚጠራው ብራካ 1 የሚባል ፕሮቲን እንኳ እዚህ ተክል ውስጥ አለ። መጀመሪያ ስሰማ ሳቄ መጣ።

አንድ ፕሮቲን ብቻውን በእኛ ማይክሮስኮፕ አይታይም። ብዙ ሆነው አንድ ቦታ ሲከማቹ ግን፣ ቀለም ስለምንቀባቸው፣ አረንጓዴ ነጥብ ሆነው ይበራሉ። የእኔ ሥራ የሥሯን ጫፍ እያየሁ እነዚህን ነጥቦች መቁጠር ነው። ሰዓት እያለፈ፣ ጥገናው እየተሳካ ሲሄድ ይቀንሳሉ። ባለፈው ሳምንት ምንም ነጥብ አጣሁና «በቃ፣ ሁሉም ተጠግኗል» ብዬ ፈነደቅኩ። ለካ ብርሃን ላይ ረስቼው ቀለሙ ደብዝዞ ነው። የሦስት ቀን ልፋቴ ገደል ገባ!

አንድ ነገር ልጠይቅዎ። መበጠሱን ቀድመው ከሚያውቁት ፕሮቲኖች መካከል ሦስት ተጣምረው የሚሠሩ አሉ፤ ጫፉን ራሳቸው ይይዙታል። እርስዎስ? ጉድጓዱ ውስጥ ተቀምጠው ሲሠሩ ድሩ መበጠሱን በዓይንዎ ነው የሚያውቁት ወይስ በእጅዎ? ልጅ ሆኜ ሳይዎት ቀና ሳይሉ ነበር እጅዎ የሚቆመው።

እሁድ እደውላለሁ፣ ያኔ ይነግሩኛል።

ልጅዎ