እማዬ፣ አሁን ያንቺ ተራ ነው

ውድ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ልጆቹም አያታቸውን ሰላም ብለዋል። ደብዳቤውን በትልልቅ ፊደል የጻፍኩት ዓይንሽ እንዳይደክም ብዬ ነው። ከከበደሽ ደግሞ እህቴ ታነብልሻለች። ብቻ ቀስ ብላ ታንብብልሽ፣ የምትቸኩል ከሆነ ተቆጪልኝ።

ባለፈው በስልክ ስናወራ «እኔ እንግዲህ ለማን እጠቅማለሁ? ቁጭ ብሎ መዋል ብቻ ሆነ» አልሽኝ። ወዲያው ደግሞ «ተመስገን፣ ደህና ነኝ» ብለሽ ወሬውን ወደ ልጆቹ አዞርሽው። ያቺ የመጀመሪያዋ ንግግርሽ ግን ከልቤ አልወጣ አለች። በስልክ እንዳላነሳው እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ ታቋርጪኛለሽ። ስለዚህ ልጻፍላት አልኩ።

እማ፣ እኔ ያደግኩት አንቺ ሰው ስታጽናኚ እያየሁ ነው። ባሏ የሞተባት ጎረቤታችን ቤት ይዘሽኝ የሄድሽበት ቀን ዛሬም ፊቴ ላይ አለ። ሰዉ ዙሪያዋን ከቦ ይመክራታል። «እግዚአብሔር የሚወደውን ነው የሚወስደው» ይላል አንዱ። «ለልጆችሽ ስትዪ ጠንክሪ» ትላለች ሌላዋ። ሴትየዋ አንገቷን ደፍታ ዝም። አንቺ ሰላም ብለሻት በቀጥታ ጓዳ ገባሽ። እጅጌሽን ሰበሰብሽና የተከመረውን ዕቃ ማጠብ ጀመርሽ። ብርጭቆውን አንድ በአንድ አድርቀሽ ደረደርሽ። ከዚያ መጥተሽ አጠገቧ ተቀመጥሽና እጇን ያዝሽ። ስንወጣ «ነገም እመጣለሁ» አልሻት፣ ሌላ ነገር ስትናገሪ አልሰማሁም። በማግስቱም ሄድሽ።

ያኔ ልጅ ነበርኩ፣ ብዙም አልገባኝም። አሁን የዮሐንስ ወንጌልን 11ኛ ምዕራፍ ሳነብ ነው ያ ቀን የሚመጣብኝ። አልዓዛር ሞቷል። ማርታ ወጥታ ጌታን ተቀበለችውና «አንተ እዚህ ብትሆን ኖሮ ወንድሜ ባልሞተ ነበር» አለችው። ትንሽ ቆይታ ማርያም መጣች፣ ያንኑ ነገር ደገመችው። ሁለቱም እህትማማቾች አንድ ዓይነት ቅሬታ ነው ያቀረቡት። መልሱ ግን አንድ አልነበረም። ከማርታ ጋር ተነጋገረ፤ «ትንሣኤና ሕይወት እኔ ነኝ» አላት። ማርያም እግሩ ሥር ወድቃ ስታለቅስ ሲያይ ግን እሱም አለቀሰ። ልብ አድርጊልኝ፣ አልዓዛርን ሊያስነሳው እንደሆነ ያውቃል። «አይዞሽ፣ አሁን ይነሳል» ብሎ እንባዋን ሊያቋርጣት ይችል ነበር። አላቋረጣትም። መጀመሪያ አብሯት አለቀሰ፣ መቃብሩን ከዚያ በኋላ አስከፈተው።

ሰው ለማጽናናት ስንሄድ ብዙዎቻችን የምንስተው ይሄን ይመስለኛል። አንድ ጥቅስ ለሁሉም እናድላለን። «ሁሉ ለበጎ ነው» እውነት ነው፣ እኔም አምናለሁ። ግን ቁስሉ ገና ትኩስ በሆነ ሰው ላይ ሲወረወር ያማል። መጽሐፈ ምሳሌም ላዘነ ልብ ዝማሬ መዘመርን በብርድ ቀን ልብስ ከማውለቅ ጋር ያመሳስለዋል። አንቺ ይሄን ማንም ሳያስተምርሽ ታውቂው ነበር። ማን የማርታን መልስ እንደሚፈልግ፣ ማን የማርያምን እንባ እንደሚፈልግ ዓይተሽ ትለያለሽ። እኔ እስካሁን እየተማርኩ ነው።

ሥራ ያጣሁ ጊዜ ታስታውሻለሽ? ጠዋት ጠዋት የድምፅ መልእክት ትልኪልኝ ነበር። አንድ ጥቅስ፣ አንድ አጭር ጸሎት፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ «ቁርስ ሳትበላ እንዳትወጣ»። ያን ሰሞን ከጥቅሱ ይልቅ ስለ ቁርሱ ያልሽው የበለጠ ያስለቅሰኝ ነበር። በኋላ የኤልያስን ታሪክ እንደገና ሳነብ ነገሩ ገባኝ። ያ በቀርሜሎስ ተራራ እሳት ከሰማይ ያወረደ ነቢይ፣ ብዙም ሳይቆይ ከአንዲት ንግሥት ዛቻ ሸሽቶ ምድረ በዳ ገባ። ከክትክታ ዛፍ ሥር ተቀመጠና «ይበቃኛል፣ ነፍሴን ውሰድ» ብሎ ለመነ። መልአኩ መጣ። ስብከት አልጀመረም፣ አልገሠጸውምም። ዳሰሰውና «ተነሥተህ ብላ» አለው። ራስጌው እንጎቻና ውኃ ነበር። በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶ ተኛ። መልአኩ ሁለተኛ ቀሰቀሰው፤ መንገዱ ሩቅ ነውና ብላ አለው። ኤልያስ በዚያ ምግብ ኃይል 40 ቀንና 40 ሌሊት ሄዶ ኮሬብ ደረሰ። እንዲህ ለደከመው ነቢይ የተሰጠው መጀመሪያ ምግብና እንቅልፍ ነው።

አሁን ወዳንቺ ልምጣ።

እማዬ፣ አንቺ መከፋት የእምነት ጉድለት ይመስልሻል። ሌላው ሲያዝን አብረሽ ታዝኛለሽ፣ ያንቺ ሐዘን ሲሆን ግን በ«ተመስገን» ሸፍነሽ ታልፊዋለሽ። ማመስገንሽን አቁሚ እያልኩሽ አይደለም፣ እንኳን ላንቺ ለማንም አልልም። ግን ዳዊት ራሱ «በእርጅናዬ ዘመን አትጣለኝ፥ ጉልበቴም ባለቀ ጊዜ አትተወኝ» ብሎ የዘመረ ሰው ነው። ፈርቷል፣ ፍርሃቱንም ይዞ ወደ እግዚአብሔር ሄዷል። በዚያው መዝሙር ውስጥ ምስጋናም አለ። ሁለቱ አብረው ይኖራሉ።

ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ሁለተኛውን መልእክት ሲጀምር እግዚአብሔርን የመጽናናት ሁሉ አምላክ ብሎ ይጠራዋል። በመከራችን የሚያጽናናን እኛም በተራችን ሌላውን እንድናጽናና ነው ይላል። ይህችን ክፍል በቃልሽ ነው የምትያት። እስቲ ደግሞ ወደ 7ኛው ምዕራፍ ዝለቂ። ጳውሎስ መቄዶንያ ደርሶ ዕረፍት አጥቷል። በውጭ ጠብ፣ በውስጥ ፍርሃት። ጳውሎስ ነው እኮ ይሄን የሚለው! ታዲያ እግዚአብሔር በምን አጽናናው? «በቲቶ መምጣት አጽናናን» ይላል። አንድ ወዳጁ መንገድ አቋርጦ መጣለት፣ በቃ። የመጽናናት ሁሉ አምላክ በእግሩ የሚሄድ ሰው ላከ።

ነገሩ እዚያ አያበቃም። ቲቶም ሲመጣ ባዶ ልቡን አልመጣም። ቆሮንቶስ ውስጥ ሰዎቹ አሳርፈውት ነበር። እነሱ ቲቶን አጽናኑ፣ ቲቶ ጳውሎስን አጽናና፣ ጳውሎስ ደግሞ ጽፎ መልሶ እነሱን አጽናና። ያ ደብዳቤ ስንት ዘመን ተሻግሮ ያንቺ ራስጌ ደርሷል። ከእነዚህ ሰዎች አንዱ «እኔ ምንም አያስፈልገኝም» ብሎ በሩን ቢዘጋ ኖሮስ? እማ፣ ሊጠይቁሽ የሚመጡትን «አትድከሙ፣ ደህና ነኝ» እያልሽ ስትመልሺያቸው እኔ የሚሰማኝ ይሄ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ይሄን በጣም ስለምወደው ነው። ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ በጻፈው ሁለተኛ መልእክት መጨረሻ ላይ «መልካሙን ገድል ተጋድዬአለሁ፥ ሩጫውን ጨርሼአለሁ» ይላል። ይሄን ሁሉም ሰው ያውቀዋል። እዚያው ምዕራፍ ላይ ትንሽ ዝቅ ስትዪ ግን ምን ይላል? ቶሎ ና። ከእኔ ጋር ያለው ሉቃስ ብቻ ነው። ጢሮአዳ የተውኩትን በርኖስ አምጣልኝ፣ መጻሕፍቱንም። ከክረምት በፊት ድረስልኝ። ሩጫውን የጨረሰ ሐዋርያ ይበርደዋል፣ ሰውም ይናፍቀዋል፣ ደግሞ ይናገረዋል። «ና» ማለቱ ከእምነቱ ምንም አልቀነሰበትም። አንቺም «ኑ» በይን። ብርድ ልብሱ ሳስቶ ከሆነ ሳስቷል በይን። ሌሊቱ ከረዘመብሽ ረዘመብኝ በይ።

«ለማን እጠቅማለሁ» ላልሽው ደግሞ፣ ያቺን ዳር ዳሯ የተላላጠ የጸሎት ደብተርሽን አውጥተሽ እይያት። ባለፈው ስመጣ አስፈቅጄሽ ገለጥኳት። በእርሳስ የተጻፉ ስሞች፣ ከየስሙ ጎን አንዲት ቃል። «ሥራ።» «ኩላሊት።» «ፈተና።» «ከባሏ ጋር።» ነገሩ የተሳካለትን ሰው ስም አትሰርዢውም፣ ጎኑ ላይ «ተመስገን» ብለሽ ጽፈሽ ትተዪዋለሽ። የቅርቦቹ ገጾች ላይ ፊደሉ ተንቀጥቅጧል፣ ከመስመሩም ወጥቷል። ግን አለ። ስሜንም አገኘሁት፣ ከአንድም ሁለት ሦስት ቦታ። እማ፣ እዚያ ደብተር ላይ ያለ ሰው ሁሉ «ለማን እጠቅማለሁ» ስትዪ ቢሰማሽ ምን ይልሽ ነበር?

«ቁጭ ብሎ መዋል» አልሽ። ሙሴም ቁጭ ብሎ ነበር። ኢያሱ ከታች ከአማሌቅ ጋር ሲዋጋ ሙሴ ኮረብታው ላይ እጁን አንሥቶ ቆመ። እጁ ከፍ ሲል እስራኤል ያሸንፋል፣ ሲወርድ አማሌቅ ያይላል። በኋላ እጁ ከበደው። ያን ጊዜ አሮንና ሆር ድንጋይ አምጥተው አስቀመጡት። ከዚያ አንዱ በዚህ፣ ሌላው በዚያ ሆነው ፀሐይ እስክትገባ እጁን ደገፉለት። የቀኑ ድል ያለቀው ሙሴ ተቀምጦ፣ ሰው ደግፎት ነው። ሙሴ «እኔ የእግዚአብሔር ሰው ነኝ፣ አትደግፉኝ» አላለም። መቀመጥሽ ከሥራ አላወጣሽም። የሚደግፍሽ ሰው ግን ያስፈልግሻል፣ ይሄን እንድትቀበዪልኝ ነው የምለምንሽ።

እህቴን አማክሬያታለሁ። ያቺ የቤተ ክርስቲያን ጓደኛሽ ማክሰኞ ማክሰኞ እየመጣች መዝሙረ ዳዊት ልታነብልሽ ትፈልጋለች። ደስ ብሎሽ ተቀበያት። ዕቃ ላጥብ ብትልም ተያት ትጠብ። ከደብተሩ አዲስ ገጽ ላይ ደግሞ ያንቺን ስም ታስገባልሽ፣ ጎኑ ላይ የሚጻፈውን ቃል አንቺ ንገሪያት። «ጉልበት» ይሁን፣ «ብቸኝነት» ይሁን፣ እውነቱን ብቻ። አንድ ኮፒ ለእኔ ይላክልኝ። እኔም ባለቤቴም በየማታው በስምሽ እንጸልያለን። እግዚአብሔር በኢሳይያስ አፍ «እስከ ሽበትም ድረስ እሸከማችኋለሁ» ብሏል። ሲሸከምሽ በእኛም እጅ ይሸከምሽ፣ እባክሽ አትከልክይን።

አሁን ደግሞ ሥራ ልስጥሽ። መሥሪያ ቤት አብሮኝ የሚሠራ ልጅ አለ፣ ትንሿ ልጁ ሆስፒታል ተኝታለች። ሐኪሞቹ ገና ምንነቱን አልነገሩትም። ትናንት መጽናኛ ቃል ጠፍቶኝ የእሱን ሥራ ተቀብዬው ቀድሞ እንዲወጣ አደረግኩ። በሩ ላይ ቆመና «እናትህ ትጸልያለች ብለኸኝ ነበር፣ ንገራት» አለኝ። ስሙን እሑድ ስደውል እነግርሻለሁ፣ እስከዚያ «የልጄ ጓደኛ» ብለሽ ጻፊው። ልጅቷ ገና 5 ዓመቷ ነው። ስትጸልዪ አባቷንም እንዳትረሺው፣ ሌሊት ሌሊት እሱ ነው ቁጭ ብሎ የሚያድረው።

የሚወድሽ ልጅሽ