ሞተሩ የተቀየረ ቮልስ ቦሎ የሚያገኝበት መንገድ ይኑር

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ግቢዬ ውስጥ በሸራ የተሸፈነ ቮልስ አለ። እ.ኤ.አ. የ1966 ሞዴል 1300 ነው። አባቴ በ1962 ዓ.ም. ወደ አገሩ ከሚመለስ የውጭ አገር መምህር ነው የገዛው። ልጆች ሳለን ታናሽ እህቴ ከኋላ ወንበር ጀርባ ባለችው የዕቃ ጉድጓድ ውስጥ ተኝታ ትሄድ ነበር። ሞተሩ እዚያው አጠገቧ ስለሆነ ይሞቃታል። ዛሬ የልጆች እናት ናት፤ የቮልስ ድምፅ ስትሰማ አሁንም እንቅልፌ ይመጣል ትላለች።

መኪናው ቦሎ ካጣ አራት ወር አለፈው። የምጽፍላችሁ ስለዚህ ነው። ችግሩ የእኔ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጋዜጣ አላስቸግርም ነበር። በየጋራዡ ስዞር ግን የእኔ ቢጤ ብዙ ሰው አገኘሁ።

ነገሩ የጀመረው ከሁለት ዓመት በፊት ነው። አንድ እሑድ ጠዋት ከባለቤቴ ጋር ከእንጦጦ ማርያም አስቀድሰን እየተመለስን ነበር። ወደ ሽሮ ሜዳ ቁልቁል ስንወርድ ፍሬኑን ረገጥኩት። ፔዳሉ ወለሉ ድረስ ገባ። ደግሜ ረገጥኩ፣ ምንም የለም። ከፊታችን ሰው የጫነ ሚኒባስ ቆሟል። ማርሹን ወደ ሁለተኛ፣ ከዚያ ወደ አንደኛ ጣልኩት። ሞተሩ ጮኸ። የእጅ ፍሬኑን በሁለት እጄ ሳብኩት። መኪናው እየተንገጫገጨ ሄዶ ከመንገዱ ዳር ካለው ድንጋይ ጋር ጎማውን አስጠግቶ ቆመ። ባለቤቴ አንድ ቃል አልተናገረችም። ነጠላዋን ጨብጣ ብቻ ተቀምጣለች። እጇ ሲንቀጠቀጥ ያየሁት ከወረድን በኋላ ነው።

መካኒኬ ከስድሳ ዓመት በላይ የሆነው፣ ዕድሜውን በሙሉ ከቮልስ ሥር የኖረ ሰው ነው። ጎማዎቹን ፈታና የኋላ ግራውን አሳየኝ። የፍሬን ዘይቱ ከዚያ ፈስሶ አልቋል። የዚያን ዘመን ቮልስ የፍሬን መስመሩ አንድ ነው። አንድ ቦታ ካፈሰሰ የአራቱም ጎማ ፍሬን አብሮ ይጠፋል። ፋብሪካው ራሱ ይህን አይቶ እ.ኤ.አ. በ1967 ገደማ መስመሩን ለሁለት ከፍሎታል። አንዱ ቢበጠስ ሌላው እንዲይዝ ማለት ነው። የአባቴ መኪና ከዚያ በፊት የተሠራ ነው።

«እንደነበረ ላድስልህ ወይስ እንዲያቆምህ አድርጌ ልሥራው?» አለኝ። እንዲያቆመኝ አድርገህ ሥራው አልኩት።

ባለ ሁለት መስመር የፍሬን ፓምፕ ገባለት። የፊት ጎማዎቹ ዲስክ ፍሬን ሆኑ። ኤሌክትሪኩ ከ6 ቮልት ወደ 12 ቮልት ተቀየረ። ማታ ማታ ፊቴን የማያሳየኝ የነበረው መብራት አሁን መንገዱን አጥርቶ ያሳያል። አራት የደህንነት ቀበቶ ተገጠመ፤ ሲገዛ አንድም አልነበረውም። ላሜራው ተፈትሾ የዛገው ተቆርጦ በአዲስ ተበየደ።

ሞተሩ ሲወርድ ሦስተኛው ሲሊንደር አካባቢ አካሉ ተሰንጥቆ ተገኘ። የቮልስ ሞተር አካል የማግኒዢየም ቅይጥ ነው። ማንም ሰፈር ውስጥ የሚበይድ ሰው የሚነካው ነገር አይደለም። እሳት ይይዛል። ስለዚህ ሶማሌ ተራ ወርደን ከተበለተ ሌላ ቮልስ የወጣ 1600 ሞተር ገዛን። የዚያው ፋብሪካ፣ የዚያው ዘር ሞተር ነው። በአራት ቡሎን ይታሰራል፤ ላሜራው ሳይቆረጥ ቦታው ላይ ገጥሞ ገባ።

«ጉልበት ጨምረህ ልትሮጥበት ነው» የሚል ሰው ስላለ ይህን ላስረዳ። የድሮው ሞተር 40 የፈረስ ጉልበት ነበረው። አዲሱ 50 አለው። ይህ ግን ፋብሪካው የለካው ነው፣ ባሕር ጠለል ላይ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስስ ነው፤ እንዲህ ያለ ካርቡራቶር ያለው ሞተር እዚህ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛውን ያህል ያጣል። ስለዚህ የእኔ 1600 እዚህ ከተማ ውስጥ የሚሰጠኝ የድሮው 1300 ጀርመን አገር ይሰጠው የነበረውን ነው። ከዚያ አይበልጥም።

ከዚያ ለዓመታዊው ምርመራ ወሰድኩት። ማሽኑ ላይ ወጣ። ፍሬኑ አለፈ። መሪው፣ መብራቱ፣ ፍሬቻው ሁሉም አለፈ። የሚመረምረው ልጅ ሥነ ሥርዓት ያለው ወጣት ነው። የፊቱን ኮፈን ከፍቶ ሞተር ሲያጣ ወደ ኋላ ወሰድኩትና ቁጥሩ ከዲናሞው ሥር መመታቱን አሳየሁት። የሻንሲ ቁጥሩን ለማየት የኋላውን ወንበር አነሳን፤ ከባትሪው ጎን መሀል ላይ ተመትቷል። ሻንሲው ከሊብሬው ጋር አንድ ነው። የሞተሩ ቁጥር ግን አይገጥምም።

«ጋሼ፣ መኪናው ጥሩ ነው» አለኝ። «እንደዚህ ያለ ፍሬን በዚህ ዕድሜ ላይ አላየሁም። ግን ቁጥሩ ካልገጠመ ማሳለፍ አልችልም።»

እሱን አልወቅስም። ወደ ቢሮ ላከኝ። ቢሮው የሞተሩን ዲክላራሲዮን፣ ማለትም ወደ አገር ሲገባ የተሰጠውን የጉምሩክ ወረቀት አምጣ አለኝ። ሞተሩ አገር ውስጥ የገባው መኪና ውስጥ ሆኖ ነው። ያ መኪና የገባው ከሃምሳ ዓመት በፊት ነው። ባለቤቱ ማን እንደነበር እንኳ የሸጠልኝ ሰው አያውቅም። ከየት አመጣለሁ? በሌላ ቀን ሌላ ባለሙያ የሻጩ ደረሰኝ ይበቃል አለኝ። ደረሰኙን ይዤ ስሄድ ሦስተኛው ሰው አይሆንም አለ። በመጨረሻ የተሰጠኝ መልስ «የድሮውን ሞተር መልሰው ያስገቡ» የሚል ነው። የተሰነጠቀውን ማለት ነው።

አዘጋጅ ሆይ፣ ይህን ነገር ደጋግሜ አስቤዋለሁ። ያን አንድ መስመር ፍሬን እንዳለ ትቼው፣ የፈሰሰውን ጎማ ብቻ ጠግኜ ብሄድ ኖሮ መኪናው በዚያን ዕለት ማሽኑ ላይ ያልፍ ነበር። ቦሎዬን ለጥፌ እንደገና ከእንጦጦ እወርድ ነበር። ያገደኝ አደገኛው ነገር አይደለም። መኪናውን ደህና ካደረጉት ሥራዎች አንዱ ነው ያገደኝ።

ሞተርን መቆጣጠር የሚያስፈልግበትን ምክንያት አላጣሁትም። መኪና ይሰረቃል። ተፈታትቶ ይሸጣል። የተሰረቀ ሞተር ሌላ መኪና ውስጥ ይገባል። መንግሥት ይህን መቆጣጠሩ ተገቢ ነው። አዋጅ ቁጥር 681/2002 ተሽከርካሪ ይለያል፣ ይመረመራል፣ ይመዘገባል ሲል አንዱ ዓላማ ይኸው ነው። ታዲያ ስጋቱ ስርቆት ከሆነ ጥያቄው የስርቆት ጥያቄ ይሁን። ፖሊስ ቁጥሩን ይመርምር። ተፍቆ እንደገና የተመታ መሆን አለመሆኑን ይይ። ተሰረቀ ተብሎ ከተመዘገበው ጋር ያመሳክር። ንጹሕ ከሆነ ንጹሕ ነው ብሎ ይጻፍልኝ። የሃምሳ ዓመት ዲክላራሲዮን መጠየቅ ሌባ አይይዝም።

ይልቅስ ሌላ ነገር ያደርጋል። ቢሮ ለቢሮ ስንከራተት ያየኝ አንድ ሰው ጠጋ ብሎ «ለምን ትደክማለህ? ቁጥሩን አስመታው» አለኝ። የድሮውን ቁጥር ፍቆ አዲሱ ሞተር ላይ የሚመታ ሰው አለ፣ ግማሽ ቀን አይፈጅም አለኝ። ዋጋውንም ነገረኝ። ያን ዕለት ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። አባቴ በሕይወቱ አንድ የሐሰት ወረቀት አልፈረመም። መኪናውን ለማዳን ብዬ በእሱ መኪና ላይ ወንጀል ልሥራ? አላደርገውም። ግን ስንቱ ሰው ደክሞት አድርጎታል? በሊብሬ ንጹሕ የሚመስሉ፣ ቁጥራቸው ግን ውሸት የሆነ ስንት መኪኖች ናቸው በዚህ ከተማ የሚሄዱት? ትክክለኛው በር ሲዘጋ የሚበላሸው መንግሥት ራሱ የሚመካበት መዝገብ ነው።

ሌላው ዓለም ይህን እንዴት እንደያዘው ጠያይቄ አንብቤያለሁ። ብሪታንያ ለብዙ ዓመታት በነጥብ ትሠራ ነበር። መኪናው ከድሮ አካሉ የያዘው ይቆጠራል። ሻንሲው 5 ነጥብ ነው። ሱስፔንሽኑ፣ አክሰሉ፣ ካምቢዮውና መሪው እያንዳንዳቸው 2 ናቸው። ሞተሩ 1 ብቻ ነው። ከ14ቱ 8 ካገኘ የድሮ ታርጋውን ይዞ ይቀጥላል። በዚያ ሚዛን የእኔ ቮልስ 13 አለው። የመኪና ማንነት ሻንሲው እንጂ ሞተሩ እንዳልሆነ የሚያውቅ ሰው ያወጣው ሕግ ነው። ጀርመን የሚኖረው ወንድሜ እንደነገረኝ ደግሞ እዚያ 30 ዓመት የሞላው መኪና በሚገባ ከተያዘ የታሪካዊ መኪና ታርጋ ይሰጠዋል፤ ይህ አሠራር እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ አለ። መሐንዲስ መኪናውን ያየዋል። በዘመኑ ይደረግ የነበረ ለውጥ ከሆነ ይቀበለዋል። የእኔ ዓይነት፣ ከዚያው ፋብሪካ የወጣ ትልቁ ሞተር ማለት ነው።

እኛ ጋ ይህ ጉዳይ ከሌላ ቦታ በላይ አጣዳፊ ነው ብዬ አምናለሁ። ከ2012 ዓ.ም. የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ወዲህ ያገለገለ መኪና ማስገባት ከባድ ሆኗል። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ መከልከሉ ተነገረ። ስለዚህ አገር ውስጥ ያሉት ቮልሶች፣ ሴይቼንቶዎች፣ ፔጆዎችና ላዳዎች ገና ብዙ ጊዜ ይሄዳሉ። መለዋወጫቸው ከሌላ መኪና ይመጣል። ሞተራቸው ይቀየራል። ይህ እንደማይቀር እየታወቀ ሞተር የማይቀየር ይመስል ዝም ማለት አይቻልም።

ሰፈሬ ውስጥ ኢንጂነሪንግ የተማረ ልጅ አለ። የአያቱን ፊያት 600 ኤሌክትሪክ ማድረግ ይፈልጋል። ወረቀት ላይ ሠርቶ አሳይቶኛል፤ ባትሪው የት እንደሚቀመጥ፣ ክብደቱ በፊትና በኋላ ጎማ እንዴት እንደሚከፈል። ፍሬኑ ተጨማሪውን ክብደት እንዲችል ምን መቀየር እንዳለበት ሳይቀር አስቦበታል። ሊሆን የማይችል ነገር አይደለም። ፎልክስቫገን ራሱ እ.ኤ.አ. በ2019 ፍራንክፈርት ላይ ኤሌክትሪክ የተደረገ የድሮ ቮልስ አሳይቷል፤ በአንድ ሙሌት 200 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ፈረንሳይም እ.ኤ.አ. በ2020 የነዳጅ መኪናን ወደ ኤሌክትሪክ ለመቀየር ሕግ አውጥታለች፤ አንድ ጊዜ የተፈተነና የተፈቀደ ዕቃ ፈቃድ ያለው ጋራዥ በዚያው ዓይነት መኪኖች ላይ ይገጥመዋል። ልጁ ግን አልጀመረም። «ጋሼ፣ ሊብሬው ላይ ሲሲ፣ የነዳጅ ሞተሩ መጠን የሚጻፍበት ቦታ ምን ተብሎ ይጻፋል?» ብሎ ጠየቀኝ። መልስ አልነበረኝም። ገንዘቡን ካወጣ በኋላ እንደ እኔ ሸራ አልብሶ እንዳያቆመው ፈርቷል። መኪናውን ኤሌክትሪክ አድርጉ የሚል አገር እንደዚህ ያለውን ልጅ እንዲፈራ ማድረግ የለበትም።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። የተቀየረ አሮጌ መኪና ይዞ የሚመጣ ሰው በየትኛው ቢሮ፣ ምን ወረቀት ይዞ፣ በማን ፊት እንደሚቀርብ በጽሑፍ ይውጣ፤ ግድግዳ ላይም ይለጠፍ። ሦስት ሰው ሦስት መልስ እንዳይሰጠው። መኪናውን የሚያይ፣ ማንሻ ላይ አስወጥቶ ከሥሩ የሚገባ፣ «ይሄዳል» ወይም «አይሄድም» ብሎ የሚፈርም መሐንዲስ ይኑር። ፊርማው ዋጋ ይኑረው። ለውጡ ሊብሬው ላይ በግልጽ ይጻፍ፣ ነገ የሚገዛው ሰውም ምን እንደሚገዛ ይወቅ። ያልሆነ ሥራ ተሠርቶ ከመጣም ይከልከል። ላሜራ ቆርጠው ጣሪያ ያወረዱ፣ መሪውን በብየዳ የቀጠሉ መኪኖች አይቻለሁ። እነሱ መንገድ ላይ መውጣት የለባቸውም። ልዩነቱን ግን የሚለየው የሚያውቅ ዓይን ነው፤ የቁጥር ማመሳከሪያ አይለየውም።

ቮልስ በዚህ አገር ተራ መኪና ብቻ አይደለም። ንጉሠ ነገሥቱ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥት ሲወሰዱ የተሳፈሩት በቮልስ ነው። ፋብሪካው ከ21 ሚሊዮን በላይ ከሠራ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2003 የመጨረሻውን ሜክሲኮ ውስጥ አውጥቶ መሥራት አቁሟል። እኛ ጋ ያሉት ሲያልቁ ሌላ አይመጣም።

በየሳምንቱ ሐሙስ ጠዋት ሸራውን አነሳና ሞተሩን አስነሳዋለሁ። ባትሪው እንዳይሞትና ዘይቱ እንዳይረጋ ብዬ ነው። ከበሩ ግን አይወጣም። ይህን ደብዳቤ የሚያነብ፣ አሠራሩን በትክክል የሚያውቅ የዘርፉ ባለሙያ ካለ በዚሁ ዓምድ መልስ እንዲሰጠኝ እለምናለሁ። የፖሊስ ምርመራውን ነገ ጠዋት ቢሉኝ ነገ ጠዋት ይዤው እቀርባለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ