ለአምፓክ እጃችሁን እንድትዘረጉ፦ በአሜሪካ ለምትሠሩ ሐበሻ ሐኪሞች

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቻችን፣

ይህ ጥሪ ለአምፓክ መዋጮ ነው፤ አምፓክ የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር (ኤኤምኤ) የምርጫ ዕጩዎችን የሚደግፍበት የፖለቲካ ኮሚቴ ነው። ዲሴምበር 2024 ላይ ተስፋ አድርገን ነበር። ሜዲኬር (በዋናነት የአረጋውያን የመንግሥት የጤና መድን) ለሐኪሞች በሚከፍለው ላይ የመጣውን ቅነሳ አብዛኛውን የሚመልስ አንቀጽ በበጀቱ ረቂቅ ውስጥ ገብቶ ነበር። ረቂቁ ሲያጥር አንቀጹ ወጣ። ማርች 2025 ላይም ተዘለለ። ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ በዚያ ዓመት ክፍያችን 2.83 በመቶ ወረደ፤ የክሊኒክ ኪራይና የነርስ ደሞዝ ግን አልወረደም።

ድካማችሁ ይገባናል። እኛም ደክሞናል። ስንደውል "ባለፈው ሰጥቼ ምን ተገኘ?" ትላላችሁ። እስቲ 2015ን አስታውሱ። በየዓመቱ ሲያስጨንቀን የኖረው የክፍያ ቀመር 17 ጊዜ ጊዜያዊ ማስታገሻ ከተደረገለት በኋላ ያን ዓመት ተሰረዘ። የሐኪሞች ማኅበር ለዓመታት ሳይታክት የኮንግረስ አባላትን በር ባያንኳኳ ኖሮ ይህ አይሆንም ነበር ብለን እናምናለን።

"ገንዘቤ ለማልደግፈው ፓርቲ ይሄዳል" የምትሉም አላችሁ። አዎ፣ አምፓክ ለሁለቱም ፓርቲ ዕጩዎች ይሰጣል። ሕግ የሚወጣው በሁለቱም ድምፅ ነውና ትክክል ነው እንላለን። ለአንድ ዕጩ በአንድ ምርጫ ከ5,000 ዶላር በላይ አይሰጥም። ለማን ስንት እንደተሰጠ በፌዴራል ምርጫ ኮሚሽን ተመዝግቧል፤ ማንም ማየት ይችላል። የተደበቀ ሳንቲም የለም።

ለእኛ ደግሞ የኮንራድ 30 ጉዳይ አለ፤ በጄ-1 የሥልጠና ቪዛ የመጣ ሐኪም ወደ አገሩ ሳይመለስ ሐኪም በጠፋበት አካባቢ እንዲሠራ የሚፈቅደው ፕሮግራም ነው። ስንቶቻችን ነን በጄ-1 ቪዛ ተምረን፣ ሐኪም በጠፋበት ገጠር ሦስት ዓመት አገልግለን እዚህ የቀረነው? ፈቃዱ ለአንድ ስቴት በዓመት 30 ሐኪም ብቻ ነው። ፕሮግራሙ ራሱ ቋሚ አይደለም፤ በየጊዜው ካልታደሰ ይቆማል። ቁጥሩን ለማሳደግ የቀረበው ሕግ ዓመት አልፎ ዓመት ሲመጣ አሁንም አልጸደቀም። ከኋላችን የሚመጡት ልጆች በር ላይ ቆመዋል። የታመመ መጠየቅን በቤተ ክርስቲያንም በመስጊድም ተምረናል። ሐኪም አጥቶ መቶ ማይል የሚነዳ በሽተኛም የእኛ ኃላፊነት ነው።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ጥቂቶች ብቻ ተሸክመነው አልቻልንም።

አከፋፈሉን እባካችሁ በጥንቃቄ አንብቡ። ጥሪው ለማኅበሩ አባላት ነው። የአሜሪካ ዜግነት ወይም ግሪን ካርድ ያላችሁ ብቻ ስጡ፤ በኤች-1ቢ የሥራ ቪዛ ወይም በጄ-1 ያላችሁ አትስጡ፣ ሕጉ ይከለክላል። ክፍያው ከግል ካርድ ወይም ከግል ቼክ ይሁን። በኩባንያ የተመዘገበ ክሊኒክ ቼክ አይቻልም። ሙሉ ስም፣ አድራሻ፣ ሥራና አሠሪ ይሞላ። ጣሪያው በዓመት 5,000 ዶላር ነው፤ ከታክስ አይቀነስም። መስጠት በፈቃድ ነው፤ ባለመስጠቱ የሚጎዳ የለም። 50 ዶላርም ቢሆን በደስታ እንቀበላለን።

ደግመን እንለምናለን፦ ከግል ሒሳብ፣ በራሳችሁ ስም፣ አሠሪያችሁን ጽፋችሁ። የክሊኒክ ቼክ አትላኩ፤ ይመለሳል፣ ጊዜም ያልፍብናል።

አስተባባሪዎቹ