ለልጄ፦ ስለ ሙስ አደንና ስለ ጥይት ምርጫ

ውድ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ለመስከረሙ የአላስካ ሙስ አደን (ያ ትልቁ የአጋዘን ዘር) «የ338 ጥይት ጠመንጃ ልግዛ ወይስ የ375?» ብለሽ ጠይቀሻል። ሁለቱንም ተያቸውና 30-06 ግዢ። አላስካ ሲባል ሰው ሁሉ ቡናማው ድብ ፊቱ ላይ ይደቀንበትና ጥይቱን ለድብ ይመርጣል። አንቺ የምትተኩሺው ግን ሙስ ላይ ነው። ያደገ ወንድ ሙስ እስከ 700 ኪሎ ቢመዝንም፣ ሳንባውን አቋርጦ ያለፈ 180 ግሬን አረር ይበቃዋል (አንድ ግራም 15.4 ግሬን ነው)። ድቡ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ሽታው ጠርቶት።

30-06 ያንን 180 ግሬን አረር በሰከንድ 2,700 ጫማ ገደማ ይወረውራል። 338 ዊንቸስተር ማግነም (ማግነም የሚባለው ባሩዱ የበዛ ጥይት ነው) 225 ግሬኑን በ2,800፣ 375 ኤች ኤንድ ኤች ደግሞ 300 ግሬኑን በ2,500 ገደማ። ኃይሉ ይጨምራል፣ ግን ወደ ፊት ብቻ አይደለም። እኩል በሚመዝን ጠመንጃ 338 ትከሻሽን ከ30-06 አንድ ተኩል እጥፍ በላይ ይመታሻል፤ 375 ወደ ሁለት እጥፍ ይጠጋል። ጠመንጃው ቀላል ከሆነ ደግሞ ይብሳል።

የድፍረት ጉዳይ እንዳይመስልሽ። ሰውነት ምቱን አስቀድሞ መጠበቅ ይለምዳል፤ ያኔ ምላጩ ሳይሳብ ዓይን ይጨፈናል፣ አፈሙዙም ቁልቁል ይላል። ለማወቅ ቀላል መላ አለ፦ ተኩስ ሜዳ ላይ ጓደኛሽ አንቺ ሳታዪ የማይተኩሱ የመለማመጃ ጥይቶችን ከደህናዎቹ ጋር ቀላቅሎ ያጉርስልሽ። «ቀጭ» ብሎ ሳይተኩስ ሲቀር አፈሙዙ ከነቀነቀ ጥይቱ በዝቶብሻል፣ ወይም ልምምዱ አንሶሻል። የአላስካ የዓሣና የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤትም የሚለው ይህንኑ ነው፤ ልምድ ያላቸው የአደን መሪዎች አዲስ ማግነም ተሸክሞ ከሚመጣ አዳኝ ይልቅ በደንብ የሚተኩስበትን 270 ወይም 30-06 የያዘውን ይመርጣሉ። ራሱን ድቡን ለማደን የሄደ ሰው ነገር ሌላ ነው፤ እሱ ከ300 ወይም ከ338 ማግነም ባይወርድ ይሻለዋል።

የማልለቅሽ ግን በአረሩ ነው። ሱቅ ውስጥ 180 ግሬን የሚል ሳጥን ሁሉ አንድ እንዳይመስልሽ። ለተራ አጋዘን የተሠራው አረር እርሳሱን የሸፈነው የመዳብ ልባስ ስስ ነው፤ በቅርብ ርቀት የሙስ ትከሻ አጥንት ሲመታ ተፈረካክሶ ላይ ላዩን ይቀራል። ኖስለር ፓርቲሽን ከሚባለው የአረር ዓይነት ያዢ። በመካከሉ የመዳብ ግድግዳ ስላለው የፊቱ እርሳስ ሲከፈት የኋላው እንዳለ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ሙሉ በሙሉ መዳብ የሆነውም ጥሩ ነው፤ ክብደቱን ስለማያጣ 165 ወይም 168 ግሬኑ ይበቃል። ያ ግን እንዲከፈት ፍጥነት ይፈልጋልና ለሩቅ ተኩስ አይሁንሽ። ድቡ ከመጣም የሚያድንሽ ይኸው የአረር ጥንካሬ ነው፤ ለዚያ ብለሽ ሌላ ጥይት አትያዢ፣ ሁለት ዓይነት ጥይት ሁለት ቦታ ይመታል። በተረፈ ካዝና ከመሙላትሽ በፊት በእያንዳንዱ ቀለህ ቂጥ ላይ የተጻፈውን የጥይት ዓይነት አንብቢ። 308 ከ30-06 አጠር ስለሚል ተሳስቶ ሊገባ ይችላል፤ ከተተኮሰም ቀለሁ ሊፈነዳ ይችላል።

ጠመንጃውን በ200 ያርድ ላይ አስተካክዪው። ያኔ በ100 ላይ ሁለት ኢንች ያህል ከፍ ብሎ፣ በ300 ላይ ስምንት ወይም ዘጠኝ ኢንች ወርዶ ይመታል። ከዚያ ከጠረጴዛው ተነሺና ተንበርክከሽ፣ ቁጭ ብለሽ፣ ቆመሽ የወረቀት ሳህን ላይ ተኩሺ። ሁሉም ጥይት ሳህኑ ላይ የሚያርፍበት ርቀት ያንቺ ወሰን ነው፤ ሙሱ ከዚያ ካለፈ ወይ ትጠጊያለሽ ወይ ትተዪዋለሽ። በአኻያ ቁጥቋጦ ውስጥ ስትሄጂ የጠመንጃውን መነጽር ወደ ትንሹ ማጉያ መልሺው። በዘጠኝ ማጉያ አሥር ሜትር ላይ ያለ ድብ ፀጉር ብቻ ነው የሚታይሽ። አፈሙዙ ላይ የኤሌክትሪክ ፕላስተር ለጥፊበት፤ ዝናብና ጭቃ አይገባም፣ ሳትልጪው መተኮስ ትችያለሽ።

ሙሱ ጎኑን ሲሰጥሽ ከፊት እግሩ ጀርባ፣ ከደረቱ ሥር ሲሶ ያህል ከፍ ብለሽ አነጣጥሪ። ሳንባው የተመታ ሙስ ምንም እንዳልሆነ ቆሞ ሊያይሽ ይችላል። ሳትኩ ብለሽ አትደናገጪ፤ አቀባብለሽ ድገሚው፣ እስኪወድቅም አታቋርጪ። ውኃ ውስጥ ከቆመ ግን እስኪወጣ ጠብቂ፤ ያን ሬሳ ከውኃ የሚያወጣ ጉልበት የላችሁም።

አሁን ስለ ድቡ። ሁለት ሆናችሁ አንዳችሁ ስትገፉ አንዳችሁ ጠመንጃ ይዛችሁ ዙሪያውን ቃኙ። ስጋውን በዚያው ቀን ከሆድ ዕቃው ቢያንስ 100 ያርድ አርቃችሁ፣ ከሩቅ በሚታይ ገላጣ ቦታ አስቀምጡት። አንዱ የኋላ እግር ብቻ 50 ኪሎ ሊሞላ ስለሚችል ምልልሱ ብዙ ነው። በሕጉ ስጋው ሳይወጣ ቀንዱ አይወጣም። በማግስቱ ስትመለሱ ጮክ ብላችሁ እያወራችሁ፣ ነፋሱን ከኋላችሁ አድርጋችሁ ቅረቡ፣ ሽታችሁ ይቅደማችሁ። ድብ ስጋው ላይ ከተኛበት ተዉለት። ስጋው የህልውና ጉዳይ ካልሆነባችሁ በቀር ለእሱ ብሎ ድብ መግደል ሕጉ አይፈቅድም። ሕይወታችሁን ለማዳን ብትገድሉም ቆዳውን ከነጥፍሩና የራስ ቅሉን ለመንግሥት ታስረክባላችሁ። የድብ ስፕሬይ (ድብ የሚያባርረው የበርበሬ ርጭት) ቀበቶሽ ላይ ይሁን፣ ቦርሳ ውስጥ አይደለም።

እናትሽ «ይበላል ወይ?» ብላለች። ሰኮናው የተሰነጠቀ ነው፣ ያመሰኳል፤ ንገሪያት።

ገንዘቡን ከመክፈልሽ በፊት የጠመንጃውን ክብደት ከነመነጽሩ ላኪልኝ። ከሦስት ኪሎ ተኩል በታች ከሆነ ሌላ እንፈልጋለን። ጥይቱንም አንድ የምርት ቁጥር ያለውን አራት ሳጥን በአንዴ ግዢ፤ ሦስቱ ለልምምድ፣ አንዱ ለአደን።

አባትሽ