ስምምነቱን ሰማን፤ ውጤቱንስ?

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጤና ይስጥልኝ። ምዕራብ ጎጃም ውስጥ በአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። በጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ተዘግቶ ሐምሌ ሲገባ የዩኒቨርሲቲዎቻችን የዓመት ክንውን በጋዜጣ ይወጣል። እኔም እየጠበቅሁ አነባለሁ። ይህን ያህል ጥናት ታተመ፣ ይህን ያህል የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪ ተመረቀ፣ ከእንዲህ ያለ አገር ዩኒቨርሲቲ ጋር የመግባቢያ ሰነድ ተፈረመ ይላል። ፎቶውም አብሮ ይወጣል። ሁለት ሰዎች ሰነድ ተለዋውጠው ይጨባበጣሉ፤ ከኋላቸው ሁለት ባንዲራ ቆሟል።

ደስ ይለኛል። ከልቤ ነው የምለው። የማስተምራቸው ልጆች ነገ የሚገቡት እዚያ ነው። ሪፖርቱን አንብቤ ስጨርስ ግን ሁልጊዜ አንድ ነገር ይጎድለኛል። አምና ከተፈረመው፣ ካቻምና ከተፈረመው ምን ተገኘ? የተገኘውስ ጥናቱ በመሬቱ ላይ ለተሠራበት ገበሬ ተነገረው ወይ? ዛሬ ብዕሬን ያነሳሁት ለዚህ ነው። ጎጃም ውስጥ ባሕር ዳር፣ ደብረ ማርቆስና እንጅባራ ዩኒቨርሲቲዎች አሉን። ነገሩ የሁሉም ስለሆነ አንዱን ነጥዬ አልወቅስም።

ከውጭ ጋር ተባብሮ መሥራት ለእኛ አዲስ አይደለም። ባሕር ዳር ላይ ባጃጅ የያዘ ሰው እስከ ዛሬ «ፖሊ ወራጅ»፣ «ፔዳ ወራጅ» ነው የሚለው። ፖሊ በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ትብብር የተቋቋመው ፖሊቴክኒክ ነው። ፔዳ ደግሞ በ1960ዎቹ አጋማሽ መንግሥት ከዩኔስኮና ከተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ጋር ተስማምቶ የከፈተው የመምህራን ማሠልጠኛ ነው። ሁለቱ ተዋህደው በ1992 ዓ.ም. ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሆኑ። የእነዚያ ስምምነቶች ውጤት ሪፖርት አያስፈልገውም። ሰው ሆኖ ይታያል። እኔን ሁለተኛ ደረጃ ካስተማሩኝ መምህራን ብዙዎቹ ከፔዳ የወጡ ነበሩ።

ከቅርቡ አንድ ልጨምር። በ2000 ዓ.ም. የአሜሪካው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ በተፋሰስ አያያዝና በሃይድሮሎጂ የማስተርስ ትምህርት ባሕር ዳር ላይ መስጠት ጀመረ። ዲግሪው የኮርኔል፣ ክፍሉ ባሕር ዳር፣ የመመረቂያው ጥናት የሚሠራውም እዚሁ አገር ወንዝና ማሳ ላይ። ልጆቹ ዲግሪ ፍለጋ ባሕር መሻገር አላስፈለጋቸውም፤ መምህሩ ወደ እነሱ መጣ። ለእኔ ጥሩ ትብብር ማለት እንዲህ ያለው ነው። ከእነዚያ ተማሪዎች ውስጥ ደብረ ማዊን ያጠኑ አሉ። ደብረ ማዊ ከባሕር ዳር ወደ አዴት ሲኬድ የሚገኝ ተፋሰስ ነው።

እዚያ የተገኘው ነገር ለገበሬ ቁም ነገር ነው። ጎርፍ ከሁሉም ቦታ እኩል አይነሳም። ክረምቱ እየገፋ ሲሄድ ታች ያለው ረባዳ መሬት ውሃ ይጠግባል። ከጠገበ በኋላ የሚዘንብበት ሁሉ ጎርፍ ሆኖ ይሄዳል። አፈሩ ሳስቶ የተራቆተ ዳገትም እንዲሁ ነው። ቦረቦር፣ ጎርፍ መሬቱን ቆርሶ የሚያወጣው ጥልቅ ገደል፣ የሚያድገው ደግሞ እዚያው ረባዳው ላይ ነው። ግድግዳው በከርሰ ምድር ውሃ ይርስና ተንዶ ይወድቃል፤ ወራጁ ውሃ ጠርጎ ይወስደዋል። ከአንድ ቦረቦር የሚሄደው አፈር ከላይ ካለው ማሳ ከሚታጠበው በብዙ እጥፍ ሊበልጥ ይችላል።

ይህ ለምን ቁም ነገር ሆነ? በየዓመቱ ጥር ሲገባ የተፋሰስ ልማት ዘመቻ አለ። ገበሬው አካፋና ዶማ ይዞ ወጥቶ እርከን ይሠራል። ቀኑን ሙሉ ያለ ክፍያ ነው የሚሠራው። ብዙ ጊዜ እርከኑ በየማሳው እኩል ይዘረጋል፤ ዳገት ነው ረባዳ ነው አይባልም። ታች ውሃ በሚጠግበው መሬት ላይ የተሠራ እርከን ውሃ ያቁራል፤ ጤፉ ቢጫ ይሆናል። ቦረቦሩም ከታች እየበላ ይመጣል። ጥናቱ በወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ጠረጴዛ ላይ በአማርኛ ቢኖር ኖሮ ያ ሁሉ ጉልበት የት እንደሚውል መምረጥ ይቻል ነበር።

አንጀኒም አለ። ከደምበጫ ወደ ፈረስ ቤት በሚወስደው መንገድ የሚገኝ፣ ከመቶ ሄክታር ትንሽ የሚበልጥ ተፋሰስ ነው። ከስዊዘርላንዱ በርን ዩኒቨርሲቲ ጋር በተደረገ ትብብር ከ1976 ዓ.ም. ጀምሮ ዝናቡና የወንዙ ውሃ ሲለካ ኖሯል። እንዲህ ያለ ረጅም መዝገብ በአፍሪካ ውስጥ በጣት የሚቆጠር ነው። ስለ አንጀኒ የተጻፈውን በብዙ አገር ያለ የአፈር ተማሪ ያነበዋል። እኔ ክፍል ገብቼ «አንጀኒን የሰማ አለ?» ብዬ ስጠይቅ ግን እጅ የሚያወጣ አላየሁም። እዚሁ የጎጃም ልጆች ናቸው። ስለ አፈር መሸርሸር የሚማሩት ከሩቅ አገር በመጣ ምሳሌ ነው።

እኔ ይህን ነገር በወሬ አይደለም የማውቀው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ክረምት ላይ ለአንድ ጥናት መረጃ ሰብሳቢ ሆኜ ሠርቻለሁ። አንድ የእኛ አገር ዩኒቨርሲቲና አንድ የውጭ ዩኒቨርሲቲ በጋራ የሚያካሂዱት ነበር፤ ስማቸውን አልጠራም። ወንዙ ዳር ቁጥር የተጻፈበት ዘንግ ተተክሏል። ዝናቡ ሲወርድ ሮጦ ሄዶ የውሃውን ከፍታ ማንበብ ነው። ከዚያ በየአሥር ደቂቃው አንድ ሊትር ውሃ በጠርሙስ ይቀዳል፤ ውሃው እስኪጠራ። ጠርሙሱ ላይ ቀንና ሰዓት ይጻፋል። በኋላ ውሃው በወረቀት ይጠለልና የቀረው አፈር ደርቆ ይመዘናል። ሰኔ መጨረሻ ላይ የምቀዳው ውሃ የጠላ አተላ ይመስል ነበር። ነሐሴ ላይ ወንዙ የበለጠ ይሞላል፤ ጠርሙሱ ውስጥ የሚዘቅጠው አፈር ግን ያንሳል። ሰኔ ላይ መሬቱ ተደጋግሞ ታርሶ ልቅ ስለሚሆን ነው። ነሐሴ ላይ ሰብል ይሸፍነዋል። ይህን በገዛ እጄ ቀድቼ ካየሁ በኋላ ክፍል ውስጥ የማስተምርበት መንገድ ተቀይሯል።

የመለኪያው ቦታ ያረፈው በአንድ አዛውንት መሬት ላይ ነበር። ከማሳቸው ቆርሰው ነው የሰጡት። አንድ ቀን ጠርሙስ ስሞላ አጠገቤ ቆሙና፣

«ልጄ፣ ይህን ሁሉ ድፍርስ ውሃ ምን ታደርጉታላችሁ?» አሉኝ።

«ይመዘናል አባቴ። መሬትዎ በክረምት ስንት አፈር እንደሚያጣ ይታወቃል።»

«እንግዲያው ሲታወቅ ንገሩኝ።»

ክረምቱ አለቀ፤ ጠርሙሶቹ ተጭነው ሄዱ። እሳቸው ገበያ ላይ ባገኙኝ ቁጥር «ያ ነገር ምን ደረሰ?» ይሉኛል። ለጥናቱ ኃላፊ ደወልኩ፤ «ገና ነው» ተባልኩ። ቆይቶ ስልኩም መነሳት ተወ። በመጨረሻ ዩኒቨርሲቲ የገባ የቀድሞ ተማሪዬ ጽሑፉን ኢንተርኔት ላይ አግኝቶ በቴሌግራም ላከልኝ። የወጣው በውጭ ጆርናል ነው፤ በእንግሊዝኛ። ገንዘብ ሰጪው ተመስግኗል፤ ላብራቶሪውም ተመስግኗል። መሬቱን የሰጠው ሰው «የአካባቢው ማኅበረሰብ» ተብሎ ታልፏል።

ጽሑፉን አንብቤ ወደ ሽማግሌው ቤት ሄድኩ። ካርታውን ስልኬ ላይ ከፍቼ አሳየኋቸው። መጀመሪያ የጠየቁኝ «የእኔ ማሳ የቱ ጋ ነው?» ብለው ነው። አሳየኋቸው። ረባዳው ላይ ያለው እርከን ውሃ እንደሚያቁር ጥናቱ እንደሚል ስነግራቸው፣ «ይህንማ እርከኑ ሲሠራ ተናግሬ ነበር። ፈሰስ ይውጣለት ብዬ» አሉኝ። ፈሰስ የማያውቅ አንባቢ ካለ፣ ገበሬው ትርፍ ውሃ ከማሳው እንዲወጣ በማረሻ የሚያወጣው ቦይ ነው። ካልተጠነቀቁለት እሱም ቦረቦር ይሆናል። ሽማግሌው ይህንንም ያውቃሉ። የት ቢወጣ እንደሚሻል፣ የማን ማሳ ላይ እንደሚያርፍ፣ ከጎረቤት ጋር እንዴት እንደሚያጣላ ረጅም ጊዜ አወሩኝ። ከዚህ ውስጥ ጽሑፉ ላይ አንድም አልነበረም። ተመራማሪው ተመልሶ መጥቶ ቢሆን ኖሮ የሚቀጥለው ጥናት እዚያ ምሽት ላይ ተዘጋጅቶ ይጠብቀው ነበር።

መምህራኑን ብቻ መውቀስ ተገቢ አይደለም። የአንድ ዩኒቨርሲቲ መምህር እድገት ሲጠይቅ ዋናው ነጥብ የሚመጣው ጆርናል ላይ ካወጣው ጽሑፍ ነው። ቀበሌ ወርዶ ውጤቱን ያስረዳበት ቀን ሚዛን አይደፋም። ስለዚህ የሚለካበትን ነገር ይሠራል። መቀየር ያለበት መለኪያው ነው። ጎጃም ደግሞ በዚህ ረገድ የቆየ ልማድ አላት። ዋሸራና ዲማ ጊዮርጊስ ከየአገሩ የመጣ ተማሪ ሲቀበሉ የኖሩ ጉባኤ ቤቶች ናቸው። እዚያ ቅኔ ተቆጥሮ ብቻ አይቀመጥም። በሰው ፊት ይዘረፋል፤ ሰሚው ያመሰግናል፣ ይነቅፋል፣ ያርማል። ዕውቀት አደባባይ ወጥቶ የሚፈተንበት አገር ነው።

ከውጭ አጋሮች ጋር ስምምነት ሲፈረም አንድ አንቀጽ ይግባ እላለሁ። በጥናቱ በጀት ውስጥ ውጤቱን ለመመለስ የሚሆን ገንዘብ ይያዝ። ብዙ አይደለም። የመኪና ነዳጅ፣ የአንድ ቀን አበል፣ የጥቂት ገጽ ማባዣ ነው። ለአንድ የውጭ ኮንፈረንስ ከሚወጣው የአውሮፕላን ቲኬት አይበልጥም። የዓመቱ ሪፖርትም የተፈረመውን ሲቆጥር፣ ከተፈረመው ስንቱ ሥራ ላይ እንደሆነና ስንቱ ወረቀት ሆኖ ጊዜው እንዳለፈበት ይንገረን። ጥናት ታተመ ሲል በየትኛው ቀበሌ እንደተሠራ ይጻፍ። ከጃፓኑ ቶቶሪ ዩኒቨርሲቲ ጋር በባሕር ዳር ዙሪያ አባ ገሪማ፣ በፋግታ ለኮማ ጉደር የመሬት አያያዝ ጥናት ተሠርቷል። ጉደር አካባቢ ገበሬው በመሬቱ ላይ ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ተክሎ ከሰል እያከሰለ ኑሮውን ቀይሯል። በዚያ ላይ የተገኘውን ሰከላ ያለ ገበሬ ቢሰማ ይጠቀምበታል፤ ጎረቤቱ ነው።

የትምህርቱ ነገርም ያሳስበኛል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ሆነ። ከፍ እያለ ነው፤ ይሁን። ግን ከመቶው ዘጠና በላይ የሚሆነው ልጅ ግማሹን ሳያመጣ ቀርቷል። ከውጭ የሚመጣ ፕሮፌሰር ባሕር ዳር ወይም ደብረ ማርቆስ ድረስ ከመጣ አንድ ከሰዓት በኋላ ለሁለተኛ ደረጃ መምህራን ቢሰጠን ምን ይጎዳዋል? እኛ ስንማር ልጆቹ ይማራሉ።

ያለንበትን ሁኔታ አጥቼው አይደለም። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልላችን ባለው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤት ተዘግቷል፤ መንገድ በተዘጋ ቁጥር ተመራማሪ ገጠር አይወርድም። «አሁን ሜዳ መውረድ አይቻልም» የሚለኝ ሰው እውነቱን ነው። ነገር ግን መደርደሪያ ላይ ያለውን ለመተርጎም ሜዳ መውረድ አያስፈልግም። ስለ ጎጃም አፈር፣ ውሃ፣ ደንና ሰብል የተጻፈ የማስተርስና የሦስተኛ ዲግሪ ጽሑፍ በየቤተ መጻሕፍቱ ተቀምጧል። አንድ የሦስተኛ ዓመት ተማሪና አንድ መምህር ተቀምጠው በሳምንት አንዱን ወደ ሁለት ገጽ አማርኛ ሊያመጡት ይችላሉ። በቴሌግራም ለወረዳ ባለሙያ፣ ለልማት ጣቢያ ሠራተኛ፣ ለእኛም ይላካል። በጀት እንኳ አይጠይቅም።

እኔና በትምህርት ቤታችን ያለ የባዮሎጂ ባልደረባዬ ለዚህ ሥራ ፈቃደኞች ነን። የትኛውም ዩኒቨርሲቲ በአካባቢያችን ከተሠሩት ጥናቶች አንዱን ይላክልን፤ በነጻ እንተረጉማለን። ያጠናው ሰው ትርጉሙን አይቶ ያርምልን። የታረመውን ለ11ኛ ክፍል ተማሪዎቻችን እናባዛለን፤ ቤታቸው ወስደው ለአባትና ለእናታቸው ያነቡላቸዋል። ገበሬው የሚመልሰውንም አስተያየት ጽፈን ለዩኒቨርሲቲው እንልካለን። አድራሻዬን ለዝግጅት ክፍሉ ትቻለሁ።

ከአክብሮት ጋር
የጂኦግራፊ መምህር፣ ምዕራብ ጎጃም