ቀረጡ ሲቀንስም ያልበረደ ቁጣ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በደሴ ከተማ ታሪክ የምናስተምር መምህራን ነን። የአሜሪካ ነፃነት በተነሣ ቁጥር «ግብር ቢበዛባቸው አመፁ» ተብሎ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይታለፋል። ሕጎቹን አንድ በአንድ ላየ ሰው ግን ነገሩ እንዲያ አይደለም። (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ብሪታንያ ከፈረንሳይ ጋር የተዋጋችበት የሰባቱ ዓመት ጦርነት በ1763 ሲያበቃ የብሪታንያ ዕዳ 130 ሚሊዮን ፓውንድ ግድም ደርሶ ነበር። በአሜሪካ ለሚቀመጠው ጦር እዚያው ያሉት የብሪታንያ ቅኝ ግዛቶችም እንዲያዋጡ ተፈለገ። የ1764ቱ የስኳር ሕግ የሞላሰስን (ስኳር ሲመረት የሚተርፈውን ወፍራም ፈሳሽ) ቀረጥ በጋሎን ከ6 ወደ 3 ፔንስ ዝቅ አደረገው። ከቀነሰ ታዲያ ምን አስቆጣ? የቀድሞው 6 ፔንስ በኮንትሮባንድና በጉቦ ይታለፍ ስለነበር ብዙም የሚከፍለው አልነበረም። አዲሱ ግን በእርግጥ ሊሰበሰብ የታሰበ ነበር፤ ተከሳሹም ከአገሬው ሰው የተውጣጡ ፈራጆች በሌሉበት የባሕር ጉዳይ ፍርድ ቤት ሊቀርብ ሆነ።

በ1765 የቴምብር ሕግ ወጣ። ጋዜጣው፣ ውሉ፣ ፈቃዱ፣ የመጫወቻ ካርታው ሳይቀር ቀረጥ ተጣለበት። የሕጉ አርቃቂዎች ትልቁ ስህተት ይህ ይመስለናል፤ ከሁሉ በፊት የነኩት አታሚውን፣ ጠበቃውንና ነጋዴውን፣ ማለትም ብዕርና አንደበት ያላቸውን ነውና። የ9 ቅኝ ግዛቶች ተወካዮች ኒው ዮርክ ተሰብስበው ወኪል በሌለን የብሪታንያ ፓርላማ ግብር ሊጣልብን አይገባም አሉ፤ ነጋዴዎችም የእንግሊዝን ዕቃ አንገዛም ብለው ተስማሙ። ሕጉ በማርች 1766 ተሻረ። በዚያው ዕለት ግን ፓርላማው በቅኝ ግዛቶቹ ላይ በማናቸውም ጉዳይ ሕግ የማውጣት ሥልጣን እንዳለው በአዋጅ አስታወቀ። ተማሪዎቻችን የሚዘሉት ይህን አዋጅ ነው፤ የኋላው ጠብ ሁሉ የሚፈታው ግን በእሱ ነው።

በ1767 በመስታወት፣ በእርሳስ ማዕድን፣ በቀለም፣ በወረቀትና በሻይ ላይ ቀረጥ ሲጣል ገቢው ለገዥዎችና ለዳኞች ደመወዝ እንዲውል ታሰበ። ቀድሞ በብዙዎቹ ቅኝ ግዛቶች የገዥውን ደመወዝ የሚከፍለው የአካባቢው ምክር ቤት ነበር፤ ገዥው አልሰማ ሲል ይይዝበታል። አሁን ይህ ልጓም ከእጁ ሊወጣ ሆነ። በ1770 የሻዩ ብቻ ቀርቶ ሌላው ቀረጥ ተነሣ።

የ1773ቱ ሕግ የእንግሊዙን የንግድ ድርጅት የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያን ሻይ ጭራሽ አረከሰው። ሆኖም ዲሴምበር 16 ቀን ቦስተን ወደብ ላይ 342 ሣጥን ሻይ ባሕር ውስጥ ተጣለ። ቀረጡ ያልተነሣለትን ርካሽ ሻይ መግዛት የፓርላማውን ሥልጣን እንደ መቀበል ይቆጠር ነበር። የቀን ገቢ ግምት ሲመጣበት «ስንት ነው?» ብቻ ሳይል «ማን ገመተው?» ብሎ የሚጠይቅ የወሎ ነጋዴ ይህን ለመረዳት አይቸገርም።

ቅጣቱ በ1774 መጣ፤ ወደቡ ተዘጋ፣ ቦስተን የምትገኝበት ቅኝ ግዛት የማሳቹሴትስ አስተዳደርም ተለወጠ። ሌሎቹ «ነገ በእኛ» ብለው 12 ቅኝ ግዛቶች ፊላደልፊያ ላይ ተሰበሰቡ። ያኔም ነፃነት የሚሉት ጥቂቶች ነበሩ። ጥፋቱን በፓርላማው ላይ አድርገው ንጉሡን ይማጸኑ ነበር፤ በኤፕሪል 1775 ከእንግሊዝ ወታደሮች ጋር ተታኩሰው ደም ከፈሰሰ በኋላ እንኳ በጁላይ የሰላም አቤቱታ ላኩለት። ንጉሡ ሳይቀበለው በኦገስት አመፀኞች ናቸው ብሎ አወጀ። አቤት የሚሉበት ሌላ ደጅ አልቀረላቸውም። የጁላይ 1776ቱ የነፃነት መግለጫ በንጉሡ ላይ ከደረደራቸው ከ20 በላይ ክሶች ውስጥ ያለ ፈቃዳችን ግብር ተጣለብን የሚለው አንዱ ብቻ ነው።

ለሥራ ባልደረቦቻችን አንድ ሐሳብ አለን። ተማሪው ለእያንዳንዱ ሕግ ዋጋው ጨመረ ወይስ ቀነሰ፣ ማን ወሰነው፣ ገንዘቡስ ለማን ደመወዝ ዋለ የሚሉትን ሦስት ጥያቄዎች በሠንጠረዥ ይሙላ። ዓመተ ምሕረት ማስሸምደዱ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ከደሴ የታሪክ መምህራን